እጃችሁን ጫማው ውስጥ ክተቱ

ሱቄን ከዘጋሁ ወዲህ ሰቆጣ ውስጥ የሚያከብረኝ ሰው በዝቷል። ወስፌ ይዤ በተቀመጥኩበት ዘመን ሰላም ሳይለኝ ያልፍ የነበረው ሁሉ፣ ዛሬ ልጁን ሊድር ሲነሣ ቤቴ ድረስ መጥቶ «ጋሽ ሞላ፣ ለሙሽራው ጫማ ይምረጡልን» ይለኛል። እኔም ሞኙ ከዘራዬን ይዤ ገበያ እወርዳለሁ። አንዱን ጫማ አነሣለሁ፣ እጄን እከትበታለሁ፣ አጥፌ አየዋለሁ፣ አሸትተዋለሁ። «ይኼን ውሰዱ» እላለሁ። «እግዜር ይስጥልን» ብለው ያመሰግኑኝና አጠገቡ ያለውን ይገዛሉ። ለምን ቢባል ያኛው የበለጠ ያብረቀርቃል። ታዲያ እኔን ለምን ፀሐይ ላይ ያንከራትቱኛል?

ስለዚህ ይኼን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። ሥራ ያቆምኩት በቃኝ ብዬ አይደለም። የቀኝ እጄ አውራ ጣት መገጣጠሚያው አብጦ ወስፌ አልገፋም ስላለኝ ነው። ለእኛ ዓይነቱ ሠራተኛ የስንብት ደብዳቤ የሚጽፍ፣ አበል የሚቆርጥ መሥሪያ ቤት የለም፤ ያሰናበተኝ ጣቴ ነው። አፌ ግን ገና አልተሰናበተም።

የማወራው ስለ አንድ ዓይነት የወንድ ጫማ ነው። አይታችሁታል። ከጣቶቹ በላይ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ስፌት ከበብ አድርጎ ይዞራል፤ ከእሱ ፊት ለፊት ደግሞ ሌላ አጭር ስፌት ቀጥ ብሎ ወደ ሶሉ ይወርድና አፍንጫውን ግራና ቀኝ ይከፍለዋል። ማሰሪያው የሚገባባቸው ሁለት ጆሮዎች ከላይ የተደረቡ ስለሆኑ ሲፈቱ ወዲያና ወዲህ ቧ ብለው ይከፈታሉ። እኛ ሱቅ ውስጥ «ባለ ሁለት አፍንጫ» እንለው ነበር። ለዚህ አገር እግር ከእሱ የተሻለ ጫማ አላየሁም። የእኛ ሰው እግሩ ሰፊ ነው። ከዋጉ ዝቋላ ተነሥቶ ድንጋይ ሲረግጥ ውሎ ሰቆጣ ሲገባ ደግሞ ያብጣል። ያ ጫማ ጆሮውን ከፍቶ ያበጠውን እግር ይቀበለዋል፣ አፍንጫውም ሰፋ ስለሚል ጣት ከጣት አይደራረብም። ግን ደግሞ እሱን ያህል በሐሰት የሚሠራ ጫማ የለም። እዚያ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው።

ሥራ የጀመርኩት በከተማው የጫማ ጠጋኞች ማኅበር ውስጥ ነው፤ በ1980ዎቹ፣ መንግሥት በተለወጠ ሰሞን። አለቃችን ክር የሚጠላ ሰው ነበር። የተከፈተ ሁሉ በማስቲሽ ተጣብቆ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ይውላል። «ክር ጊዜ ይበላል። ማስቲሽ ግን ሲሸት ሰው ሥራ የተሠራ ይመስለዋል» ይል ነበር። ደንበኛው ጫማውን ይወስድና የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ሶሉን እንደ ውሻ ምላስ አንጠልጥሎ ይመለሳል። የሚሰደበው ማን ነው? እኔ። «ድሮስ ከቆዳ ነካኪ ምን ይጠበቃል!» ይባላል። በአገራችን ቆዳ የሚነካን ሰው እየናቁ እሱ የሠራውን ተጫምቶ መሄድ ነውር አይደለም። ልጃቸውን አይድሩለትም፣ ማዕድ ሲቀርብ ዳር ያስቀምጡታል፤ ጫማቸው ሲቀደድ ግን በማለዳ በሩን ያንኳኳሉ። ይኼ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያ ያወጡኝ ጋሽ ሐጎስ ናቸው። የተወለዱት እዚሁ ዋግ ውስጥ፣ ኒሯቅ አካባቢ ነው። በልጅነታቸው አስመራ ገብተው አንድ ጣሊያን ጫማ ሰፊ ዘንድ ሥራ ተማሩ። ጸጉራቸው እስኪሸብት እዚያው ሠርተው፣ መንግሥት ሲለወጥ ፎርማቸውን በጆንያ ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ፎርማ ማለት ጫማው የሚወጠርበት፣ የእግር ቅርጽ ያለው እንጨት ነው። ሌላ ንብረት አልነበራቸውም። መናኸሪያው አጠገብ ጠባብ ቤት ተከራይተው ሲሠሩ አይቼ ቀርቤ አነጋገርኳቸው። ሲቀጥሩኝ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ትቆጣለህ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

«ደግ። ቁጣህን ክር ስትስብ አውጣው። በሰው ላይ እንዳታወጣው።»

የመጀመሪያውን ተማርኩ። ሁለተኛውን አልተማርኩም።

የባለ ሁለት አፍንጫ አሰፋፍ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ወስፌው ጎበጥ ያለ ነው። ከቆዳው ፊት ይገባና በቆዳው ውፍረት መሐል ሄዶ በተቆረጠው ጠርዝ በኩል ይወጣል፤ ወደ ውስጠኛው ገጽ ጨርሶ አይወርድም። የሌላኛውንም ቆዳ ጠርዝ እንዲሁ አድርጎ ይይዛል። ከዚያ በሰም የታሸው ክር ከሁለቱም ወገን ሲሳብ ሁለቱ ጠርዞች ተናክሰው ብቅ ይላሉ። ወስፌው ትንሽ ከጠለቀ ክሩ በውስጥ በኩል ይወጣና የለባሹን ጣት ይፍቃል። ትንሽ ከተንሳፈፈ ደግሞ ቆዳው ይቀደዳል። ያበላሸሁት ቆዳ ብዙ ነው። ጋሽ ሐጎስ ግን ሳበላሽ አይጮሁም፤ በትግርኛ «አጆኻ!» ይሉኛል፣ አይዞህ ለማለት። ከዚያ ሌላ ቁራጭ ይወረውሩልኛል።

ደንበኛ ሲመጣም አይከራከሩም። እኔ ብሆን ሶሉን፣ ገበሩን፣ ክሩን እያነሣሁ ስለፈልፍ እውላለሁ። እሳቸው የሰውዬውን የእጅ አንጓ ይይዙና እጁን ጫማው ውስጥ ይከቱለታል።

«ምን አለ?» ይሉታል።

ሰውዬው ይዳስሳል፣ ይዳስሳል። «ኧረ ምንም የለም» ይላል።

«እንግዲያ ጥሩ ነው» ይሉና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ሌላ ልማድ ነበራቸው። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሳያልቅ ቀደም ብለው ይወጡና በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የወለቀውን ጫማ ሁሉ ይጎበኛሉ። አይነኩም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎንበስ እያሉ ያያሉ። ሰው በሌለበት የሰቆጣ ጫማ ሁሉ ሆዱን ከፍቶ እዚያ ተዘርግቷል፤ የማን ሶል በየት በኩል እንዳለቀ፣ የማን ገበር እንደተቦጨቀ። አንድ ቀን ረድፉን አሳዩኝ። ማሰሪያ ያለው ጫማ ሁሉ ማለት ይቻላል ተረከዙ ተጨፍልቋል። «እየው፣ ማሰሪያውን ፈትቶ የሚያወልቅ የለም። በር ላይ ሲደርሱ በአንዱ እግር የሌላውን ተረከዝ ረግጠው ይወጣሉ። ስለዚህ እኛ ተረከዙ ውስጥ ጠንካራ ቆዳ እናስገባለን፣ ጆሮውንም ሰፋ አድርገን እንከፍታለን። ሰዉን መለወጥ አንችልም» አሉኝ። የእኛ ሰው ጫማውን የሚገዛው ሊያወልቀው እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ጋሽ ሐጎስ ካረፉ በኋላ ለጥቂት ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ለመስክ ሠራተኞቹ ጫማ እንድሠራ ቀጥሮኝ ነበር። አለቃው ተረከዙ ውስጥ የማስገባውን ቆዳ አይቶ «ካርቶን አግባበት፣ ማን ያየዋል?» አለኝ። እሱ ሲራመድ ከወንበሩ እስከ በሩ ነው። ተጣልተን ወጣሁ፤ ሌላ ሰው ካርቶኑን አገባለት። ሠራተኞቹ ዝቋላ ወርደው ሲመለሱ አንዳንዱ ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ የጋሽ ሐጎስን ቤት እኔው ተከራይቼ፣ በእሳቸው ፎርማ የራሴን ሥራ ቀጠልኩ። ገቢው ይኼን ያህል ነበር ብዬ የማወራለት አይደለም፤ ቤቴ ግን ጦሙን አላደረም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ።

የኔታ ክንፈ በደብራችን የዜማ መምህር ነበሩ። ከዋግ ቄስና ዲያቆን መሐል በእሳቸው ምርኩዝ ሥር ያላለፈ ጥቂት ነው። እኔም ልጅ ሆኜ እሳቸው ዘንድ ጥቂት ተምሬ፣ ድምፄን ሰምተው በፍቅር አሰናብተውኛል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ስኳር ያዛቸው። ዓይናቸው ደከመ፣ እግራቸውም ደነዘዘ፤ እሾህ ይርገጡ ሣር አይለዩም። ሐኪሙ ባዶ እግርዎን እንዳይሄዱ፣ እግርዎ እንዳይቆስል ብሎ አጥብቆ ነግሯቸዋል። ለእሳቸው ቁስል ማለት የእግር ነገር ብቻ አይደለም። ደም የሚፈሰው ሰው ቤተ መቅደስ አይገባም። የኔታ ክንፈ ማኅሌት ካልቆሙ ሕይወታቸው ምን ቀረው?

የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ይኼን ሰምተው ጫማ ሊሰጧቸው ተሰባሰቡ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደሳለኝ ነው፤ ከተማው ውስጥ ሆቴል ያለው፣ አብሮኝ የኔታ ዘንድ የተማረ አብሮ አደጌ። ሱቄ መጥቶ «ምን ዓይነት ጫማ ይሁን?» አለኝ። ወስፌዬን አስቀምጬ አንድ በአንድ አስረዳሁት። ባለ ሁለት አፍንጫ፣ ሰፊ፣ ጆሮው የሚከፈት፣ በክር የተሰፋ፣ ውስጡ ለስላሳ። «እኔው ልሥራላቸው» አልኩት።

«አይ ሞላ፣ ለየኔታማ የፋብሪካ ነው የሚገባቸው» ብሎኝ ሄደ።

ከወልድያ ገዝቶ መጣ። በካርቶን ውስጥ ሆኖ፣ ጥቁር ሆኖ፣ እንደ መስታወት ሆኖ። ሱቄ ድረስ አምጥቶ «ይኸው፣ አንተ ያልከውን ነው የገዛነው» አለኝ። በዓይን ሲያዩት እውነትም እኔ ያልኩት ነው። ሁሉም ስፌት በቦታው አለ። እጄን ከተትኩ። ከጣቶቹ በላይ ክሩ ወደ ውስጥ ወጥቶ፣ ቋጠሮው ደርቆ፣ እንደ ጠጠር ተደርድሯል። ገበር የሚባል ነገር እዚያ ጋ የለውም። ከፊት የሚወርደው ስፌት ደግሞ ለማሳየት ብቻ ነው፤ አንዱን ቆዳ ቆንጥጠው በመኪና ሰፍተውታል፣ የተቆነጠጠው ቆዳ በውስጥ በኩል እንደ ጠባሳ ቆሟል።

እዚህ ላይ ጋሽ ሐጎስ ቢሆኑ የደሳለኝን እጅ ይዘው ይከቱት ነበር። እኔ ጮህኩ። «ይኼን ለየኔታ የሚሰጥ ሰው ጠላታቸው ነው! መልሰው!» አልኩት። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየን ጀመር። ደሳለኝ ፊቱ ጠቆረ።

«አንተ የተቆጣኸው ሥራው ስላልተሰጠህ ነው» አለኝ። «ቀንተህ ነው።»

ካርቶኑን ከድኖ ወጣ። ቀንቼ! በእሳት ላይ ቤንዚን ነው የጨመረብኝ።

በማግሥቱ ጫማውን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በጭብጨባና በእልልታ ሰጧቸው። እኔ እስኪያልቅ ጠብቄ ተማሪዎቻቸው ሲበተኑ ወይራው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«የኔታ፣ ይኼን ጫማ አያድርጉት» አልኳቸው።

«ምነው ሞላ? ያምራል ይላሉ።»

«ውስጡ መጥፎ ነው። ያቆስልዎታል።»

«እግሬ እኮ አይሰማውም ልጄ።»

«እሱ አይደል የሚያስፈራኝ! ቢሰማዎትማ ራስዎ ያወልቁት ነበር!»

ሳቁ። ጫማውን እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አስቀምጠውታል። «የሰጠ ሰው ዓይኑ እግሬ ላይ ነው። ባላደርገው ልጆቹ ያፍራሉ። ደሳለኝ ከወልድያ ድረስ ተሸክሞ አምጥቶ...» አሉ። ይሉኝታ! ይኼ ይሉኝታ የሚሉት ነገር በዚህ አገር ስንቱን አንካሳ አድርጎታል? በውስጤ በእሳቸውም ተናደድኩ። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ሱቄን ዘጋሁና ሥራ ጀመርኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። የደሳለኝን ጫማ የመሰለ፣ ግን በትክክል የተሠራ ጫማ አዘጋጅቼ ቅዳሴ ላይ በር ላይ እለውጠዋለሁ። የኔታ ዓይናቸው አያይም፣ እግራቸው አይለይም፤ ደሳለኝም አይለይም፣ ምክንያቱም እሱ የሚያውቀው ብልጭታውን ብቻ ነው። የዝቋላ ፍየል ቆዳ ለገበር አለፋሁ፣ እንደ ጨርቅ እስኪለሰልስ። አፍንጫውን ሰፋሁ፤ እያንዳንዷን ክር ስስብ ደሳለኝን እየሰደብኩ። ጋሽ ሐጎስ እንዳሉት ቁጣዬ ሁሉ ክሩ ውስጥ ገባ፣ ስፌቱም በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ቀጥ ያለ ሆነ። ጆሮውን ሰፋ አድርጌ ከፈትኩት፣ የኔታ በር ላይ ሲደርሱ ጎትተው ሳይሆን ፈታ አድርገው እንዲያወልቁት። ሥራው ሳምንታት ፈጀብኝ፤ መጨረሻ ላይ እያንገሸገሸኝ ቀለም ቀብቼ እንዲያብረቀርቅ አደረግሁት።

እሑድ ሰዉ ሁሉ ሲገባ ወደ ረድፉ ሄድኩ። በሕይወቴ የሰው ጫማ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንሥቼ አላውቅም። ጋሽ ሐጎስም እንኳ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። የኔታን ጫማ አነሣሁና የእኔን በቦታው አስቀመጥኩ። ከዚያ ልማድ ሆኖብኝ ባነሣሁት ጫማ ውስጥ እጄን ከተትኩ።

ጣቶቼ ርሰው ወጡ።

መጀመሪያ ላብ መሰለኝ። ወደ ብርሃን ሳወጣው ደም ነው። ትኩስ ደም ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ የደረቀም አለ፣ የቆየ። ሰውዬው ቆስለው ከርመዋል። አልተሰማቸውም፣ አላዩትም፣ ማንም አልነገራቸውም። አሁንም በዚያ እግራቸው ቤተ መቅደስ ገብተው ቆመዋል። ድምፃቸው ከውስጥ ይሰማኛል።

እዚያ ጫማ መሐል ቁጭ አልኩ። ብነግራቸው ከሚወዱት ቦታ ይወጣሉ። ባልነግራቸው እግራቸው ይሄዳል። አዲሱን ጫማ ተጫምተው ሲሄዱ ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር፤ ይኼም በልቤ አልፏል። ቅዳሴ አልቆ ሰዉ ሲወጣ ግን ክንዳቸውን ይዤ ወደ ዳር ወሰድኳቸውና በጆሯቸው ነገርኳቸው።

የኔታ ክንፈ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። ያን ቀንም አልተቆጡም። «ደሜን ይዤ ገባሁ?» አሉኝ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«አላውቅም የኔታ።»

እንደ ልጅ አለቀሱ። ስለ እግራቸው አንድ ቃል አልጠየቁኝም።

ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። የእግራቸው አውራ ጣት አልዳነም፤ ቆረጡት። ቁስሉ እስኪደርቅም ብዙ ወራት ፈጀ። እነዚያን ወራት ሁሉ የኔታ በየሰንበቱ እየመጡ ወይራው ሥር፣ ውጭ ይቆማሉ። ከውስጥ ማኅሌቱ ሲሰማ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አያወጡም። እኔ ለዚያ በር ብዬ የሠራሁት፣ እንዲወልቅ ብዬ ጆሮውን የከፈትኩት ጫማ እግራቸው ላይ እንደታሰረ ይውላል። 

ደሳለኝ መጣ። «ጫማውን ለምን ሰረቅክ?» ሊል ነበር መሰለኝ የመጣው፤ ስለ ልውውጡ ሰምቶ ነበር። ጫማውን ፊቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ደሙ ደርቆ ጠቁሮበታል። ብዙ ጊዜ አየው።

«እኛ በቅን ልብ ነው የሰጠናቸው» አለ።

ቅን ልብ! በቅን ልብ የሰጠኸው ጫማ ውስጥ እጅህን ብትከት ምን ነበረ? ልብህ ቅን ከሆነ እጅህ ምን ሆኖ ነው? እንዲህ ብዬ ነገርኩት፣ ሌላም ብዙ ነገርኩት፣ እዚህ የማይጻፍ። ወጥቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኳረፍን። ሽማግሌ ላከ፣ መለስኩ። ደግሞ ላከ፣ ደግሜ መለስኩ።

ቁስሉ በደረቀ በሰንበቱ የኔታ ክንፈ በሩ ላይ ደርሰው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ማንም አልረዳቸውም፤ እርዳታ አልፈለጉም። ማሰሪያውን ፈቱ፣ ጆሮዎቹ ቧ ብለው ተከፈቱ፣ እግራቸው ሳይጎተት ወጣ። ጫማውን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው ገቡ። እኔ ጫማውን እየጠበቅሁ ውጭ ቆምኩ። ሲወጡ ድምፄን ሰምተው «ሞላ፣ እዚህ ነህ እንዴ?» አሉኝ።

«ጫማዎን እየጠበቅሁ ነው።»

«ጫማ ጠባቂ አልጠየቅሁም» አሉ። «እኔ ገባሁ። አንተስ?»

 ቂም ይዞ የሚገባበት ቤት አይደለም፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ደሳለኝ ውስጥ ነበር።

የኔታ ካረፉ ቆይቷል። እኔም ወስፌዬን ሰቅያለሁ። እሑድ እሑድ ግን እሄዳለሁ፣ ውጭ እቆማለሁ፣ የጫማውን ረድፍ እጎበኛለሁ። በየዓመቱ ይብሳል። አፍንጫው ላይ የተሰፋ ሳይሆን ስፌት የታተመበት፣ ሶሉ ጠርዝ ላይ የላስቲክ ክር በቅርጽ የወጣለት፣ ቆዳው በጥፍር ሲጫኑት እንደ ወረቀት የሚጨማደድና የማይመለስ። እናንተ ግን ስትገዙ ቀላል ነው። ጣታችሁን ከስፌቱ አጠገብ ጫኑት፤ ሽብሽቡ ደቃቅ ሆኖ ወዲያው ከጠፋ ቆዳ ነው። ተረከዙን ጨምቁት፤ እጅ ከሰጠ ካርቶን ነው። ሶሉን ከሚታጠፍበት ላይ ወደ ታች ጎትቱት፤ ክፍተት ካያችሁ የያዘው ማስቲሽ ብቻ ነው። ማሰሪያውን አስራችሁ ስትቆሙ ሁለቱ ጆሮዎች ተገናኝተው ከገጠሙ ጫማው ከእግራችሁ ይሰፋል፤ በመሐላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት መቅረት አለበት። ከሁሉም በፊት ግን እጃችሁን ክተቱ። ዓይናችሁን ተዉት፣ እጃችሁን ክተቱ። ምንም ካላገኛችሁ ግዙ።

በቅርቡ አንድ እሑድ ደሳለኝ ከሁሉም በኋላ ወጣ። አርጅቷል፣ ከብዷል። ጫማውን ሊያደርግ ጎንበስ ሲል ወገቡ እምቢ አለው። ዞር ዞር አለ፤ ከእኔ በቀር ሰው የለም። እያየሁት ቆምኩ። ደግሞ ጎንበስ አለ፣ ደግሞ ቀና አለ። ምን እንዳነሣሣኝ አላውቅም፣ ሄጄ ተንበረከክሁና ጫማውን አነሣሁ። ባለ ሁለት አፍንጫ ነው። እጄ ሳላዘው ገባ።

ቋጠሮ! ያው ቋጠሮ፣ ያው የተቆነጠጠ ቆዳ!

«አንተ ድንጋይ!» አልኩት። ግቢው እስኪያስተጋባ ጮህኩ። «አሁንም ሳትዳስስ ነው የምትገዛው? የየኔታ ጣት አልበቃህም? አንተም ስኳር ይዞሃል አሉ፣ እግርህ እንዲቆረጥ ነው የምትፈልግ?»

ደሳለኝ ቁልቁል አየኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፣ ከንፈሩ ግን ፈገግ ሊል ይታገላል።

«ስድብም ቢሆን ተናገርከኝ» አለ።

 ጫማውን አስሬለት፣ ማሰሪያውን ላላ አድርጌ፣ እስከ ቤቱ ድረስ እየተቆጣሁት ሸኘሁት። በማግሥቱ ገበያ ወርደን ሌላ መረጥኩለት፤ የእጁን አንጓ ይዤ ራሱ እንዲዳስስ አደረግሁት። በሚቀጥለው እሑድ ጫማዬን ከእሱ ጫማ ራቅ አድርጌ አወለቅሁና ገባሁ።